በሬ በቀንዱ አይገዛም፤ ፒክአፕስ በቁጥሩ ለምን ይገዛል?

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ስንዴ ዋግም አልጽፍም። ስለ መኪና ሞተር ነው የምጽፈው። «ይሄ ልጅ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የመኪና አዋቂ የሆነው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው፤ ዲፕሎማዬ የሰብል ነው እንጂ የመካኒክ አይደለም። ግን በመውቂያ ማሽን የሚሠሩ ወጣቶች በመጡ ቁጥር የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ሆኗል፦ «መውቂያዋን የሚጎትት ፒክአፕ ልንገዛ ነው፤ ሞተሩ የትኛው ይሻላል?»

ለዚህ ጥያቄ ከሦስት ዓመት በፊት ራሴ የተሳሳተ መልስ ሰጥቻለሁ። ያን ስሕተት ነው ዛሬ የምናገረው፤ ምክንያቱም አሁንም ብዙ ሰው ያንኑ መልስ ሲሰጥ እሰማለሁ።

አጎቴ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መውቂያ ገዝቶ ነበር። ከቀበሌ ቀበሌ በኪራይ መኪና ያስጎትቷታል። የኪራዩ ብር ትርፉን ሲበላባቸው «የራሳችን ፒክአፕ ይኑረን» አሉ። ሁለት አሮጌ መኪና ቀረበላቸው፤ አንዱ ባለ 3 ሊትር ያለ ቱርቦ፣ ሌላው ባለ 2.5 ሊትር ከነ ቱርቦው። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም። አጎቴ «አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ ንገረን» አለኝ። እኔም ኮፈኑን እንኳ ሳልከፍት «ሦስት ከሁለት ተኩል ይበልጣል፤ ሦስቱን ግዙ» አልኩ። በቃ፣ ይቺን ታህል ነው ያሰብኩት።

አጎቴ ድርሻውን ለመክፈል ሁለት በሬ ሸጠ። መኪናዋ ባዶዋን ስትነዳ ደህና ነበረች። መውቂያዋ ከኋላ ስትታሰር ግን ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ ግማሽ መንገድ ላይ ራዲያተሯ እየፈላ ነበር የምትወጣው። በሦስተኛው ሳምንት የቴስታው ጋርኒሲዮን ተቃጠለ። መኪናዋ ጋራዥ ስትተኛ የውቂያው ወቅት አለፈ፤ ደንበኞቹም ሌላ መውቂያ ጠርተው ጨረሱ። አጎቴ በቀጣዩ ክረምት በሬ ለምኖ ነው ያረሰው። አንድ ቀን አልተቆጣኝም። አንዲት ነገር ብቻ አለኝ፦ «ልጄ፣ እኛ በሬ ስንገዛ ቀንዱን አይተን ነው እንዴ የምንገዛው?»

እውነቱን ነው። በሬ ስንገዛ ጫንቃውን እናያለን፤ ሰኮናውን እናያለን፤ አፉን ከፍተን ጥርሱን እንቆጥራለን። ቀንዱ ትልቅ ነው ብሎ ብር የሚቆጥር ገበሬ አላየሁም። ፒክአፕ ስንገዛ ግን በበሩና በኋላው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አይተን እንከፍላለን። ይህ ነገር ይቁም ነው የምለው።

ቁጥሩ የሚነግራችሁና የማይነግራችሁ

3.0 ወይም 2.5 የሚለው ቁጥር የሞተሩ ሲሊንደሮች ስፋት ነው። የሆዱ ስፋት በሉት። ሆዱ ሰፊ የሆነ ሁሉ ጉልበተኛ አይደለም፤ የሚበላው ሲያገኝ ነው ጉልበት የሚኖረው። የናፍጣ ሞተር ምግቡ ናፍጣ ብቻ አይደለም፤ አየርም ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩን በራሱ ይስባል። ቱርቦ ያለው ግን በጭሱ ግፊት በሚሽከረከር ማራገቢያ አየሩን አጭቆ ያስገባል።

አገራችን ውስጥ በብዛት የምታገኙትን የቶዮታ ሃይሉክስ ምሳሌ ልውሰድ። 5ኤል የሚባለው የድሮው ሞተር 3 ሊትር ነው፤ ቱርቦ የለውም። ጉልበቱ ከ100 ፈረስ በታች ነው፤ የመጎተት ኃይሉ (ቶርክ የሚሉት) ደግሞ ወደ 200 ኒውተን ሜትር። 2ኬዲ የሚባለው፣ ሰዉ «ዲ ፎር ዲ» የሚለው፣ 2.5 ሊትር ነው። እሱም ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ደካማው 102 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። ኢንተርኩለር ያለውና ቱርቦው ተለዋዋጭ የሆነው የኋለኛው ዓይነት ግን 144 ፈረስ ጉልበትና 343 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ በላዩ 3 የተጻፈበት 2.5 ከተጻፈበት ሊያንስ ይችላል ማለት ነው። እኔ አጎቴን ያሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ልጨምር። ትልቁ ዲ ፎር ዲ፣ 1ኬዲ፣ 3 ሊትርም ነው ቱርቦም አለው። የፈረስ ጉልበቱ እስከ 171 ይደርሳል። በእጅ ማርሽ ያለው የመጎተት ኃይል ግን ያው 343 ኒውተን ሜትር ነው። ስለዚህ «3.0 ዲ ፎር ዲ ነው» ብሎ ደላላው ብዙ ብር ሲጨምርባችሁ የምትከፍሉት ለፍጥነት ነው ወይስ ለመጎተት? ጠይቁ። የፈረስ ጉልበት እንደ ስሙ የፈረስ ነው፤ ሜዳ ላይ ያስጋልባል። ቶርክ የበሬ ጫንቃ ነው፤ ዝግ ብሎ ከባዱን ይስባል። መውቂያ እየጎተተ የሚጋልብ ሰው የለም፤ ካለም ከእሱ ጋር አትሳፈሩ።

በ2ኬዲ ውስጥ ጠንካራውን ከደካማው ለመለየት ቀላል ምልክት አለ። ኢንተርኩለር ያለው ኮፈኑ ላይ አየር የሚያስገባ አፍ አለው፤ የሌለው ኮፈኑ ልሙጥ ነው። ይህን ምልክት ግን ብቻውን አትመኑ፤ ኮፈን ይቀየራል። ኮፈኑን ከፍታችሁ ኢንተርኩለሩን በዓይናችሁ እዩ። የሞተሩ ዓይነት ደግሞ በሞተሩ አካል ላይ በፈረንጅ ፊደል ተቀርጿል፤ ማንበብ የሚችል ልጅ ይዛችሁ ሂዱ። የተቀረጸው ከሊብሬው ላይ ካለው የሞተር ቁጥር ጋር ካልገጠመ ብራችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ።

አየራችን ስስ ነው

መኪና ሠሪዎች የሚጽፉት ጉልበት በባሕር ጠለል አካባቢ ባለው ወፍራም አየር የተለካ ነው። እኛ ያለነው ደጋ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ዳገታችንን ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው በዚህ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተርም እንደዚያ እንግዳ ነው። ከጉልበቱ ሩቡን ያህል እዚሁ ደጋ ላይ ያጣል። ወረቀት ላይ 200 የነበረው የመጎተት ኃይል እዚህ ወደ 150 ይወርዳል። ጥቁሩ ጭስም ከዚህ ይመጣል፤ ነጂው ነዳጅ ይረግጣል፣ አየሩ ግን አይበቃም፣ ሳይቃጠል የቀረው ናፍጣ ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። ብራችሁ ነው በጭስ መልክ የሚሄደው።

ቱርቦ ያለውም ጨርሶ አይጎዳም አልልም፤ ግን አየሩን አጭቆ ስለሚያስገባ የሚያጣው በጣም ትንሽ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ብንኖር ኖሮ ክርክሩ ሌላ በሆነ ነበር። የምንኖረው ግን ጮቄ ሥር ነው።

ስለዚህ የመኪናው መመሪያ «ይህን ያህል ኪሎ ይጎትታል» ቢል ያንን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱት። በየ1000 ሜትር ከፍታ ከአሥር አንድ ያህል ቀንሱ የሚል የተለመደ ደንብ አለ። በኛ ከፍታ፣ በኛ ዳገትና በዋልካ መንገድ ላይ ሩቡን ብትቀንሱ አትጸጸቱም። 2500 ኪሎ ይጎትታል የተባለ መኪና ለኛ 1900 ገደማ ነው ማለት ነው። የመውቂያችሁ ክብደት ስንት ነው? የብረት ሰሌዳዋ ላይ ተጽፏል። ካልተጻፈ የጭነት ሚዛን ላይ አስመዝኗት። «ቀላል ናት፣ አራት ሰው ይገፋታል» ክብደት አይደለም።

«ኮምፒውተር ያለበት መኪና ለገበሬ አይሆንም» ለሚሉት

አሁን ከኔ ጋር የማይስማሙ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ በዕድሜም በልምድም የሚበልጡኝ መካኒኮችና ሾፌሮች ናቸው። የሚሉት እንዲህ ነው፦ «የድሮው ሞተር ፓምፑ ተራ ነው፤ በመፍቻና በመዶሻ ይሠራል። ዲ ፎር ዲ ግን ኖዝሉ ከተበላሸ አበቃ። መመርመሪያ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ፍለጋ ከተማ መሄድ ነው።»

ይህን ክርክር አልንቀውም። ግማሹ እውነት ነው። የአዲሶቹ ሞተሮች ነዳጅ ከ1000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው የሚረጨው፤ የኖዝሉ ቀዳዳ በጣም ጠባብ ነው። በናፍጣው ውስጥ ጠብታ ውኃ ወይም አሸዋ ከገባ ኖዝሉንም ፓምፑንም ይበላዋል። በኬዲ ሞተሮች ላይ ደግሞ ከኖዝሉ ሥር ያለው የመዳብ ቀለበት ሲያረጅ ያፈሳል፤ ጥቀርሻው ዘይት ውስጥ ገብቶ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይዘጋል። ሞተር በዚህ ሰበብ ይሞታል። ይህን የማይነግራችሁ ሻጭ ሊሸጥላችሁ የቸኮለ ነው።

ግማሹ ግን እውነት አይደለም። የድሮው ሞተር በቀላሉ ይጠገናል ማለት ከአቅሙ በላይ ሲጎትት አይበላሽም ማለት አይደለም። የአጎቴ መኪና በመፍቻና በመዶሻ የሚሠራ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ነው የቆየው። በቀላሉ የሚጠገን ነገር በየሳምንቱ የሚጠገን ከሆነ ጥቅሙ ለመካኒኩ ነው። ሽማግሌ በሬ ገራም ነው፤ ሕፃን ይነዳዋል፤ ግን ዋልካ ላይ ጠምዳችሁ ከጣላችሁት ገራምነቱ አያነሣውም።

ስለዚህ መልሴ እንዲህ ነው። መኪናው የሚፈለገው ሰውና እህል ለማመላለስ ከሆነ፣ ተሳቢ ካላሰራችሁበት፣ የድሮውን ያለ ቱርቦ ግዙ፤ እኔም አልከራከርም። መውቂያ ወይም የውኃ ታንከር በዳገት ለመጎተት ከሆነ ግን ቱርቦና ኢንተርኩለር ያለውን 2.5 ግዙ። ለትልቁ 3.0 የሚጨመረውን ብር አትጨምሩ፤ ያ ብር ሌላ ቦታ ይፈለጋል፣ ቀጥዬ እነግራችኋለሁ። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት 2.4ና 2.8 ሊትር ጂዲ ሞተሮች ከሁሉም ይበልጣሉ፤ ትንሹ 2.4 እንኳ እንደ ዓይነቱ እስከ 400 ኒውተን ሜትር ይጎትታል፤ ቺንጋ መቀየርም የለባቸውም፣ ሰንሰለት ነው ያላቸው። ዋጋቸው ግን ለአብዛኞቻችን የሚቀመስ አይደለም። ለሚቀምሰው መልካም ገበታ።

የተረፈው ብር የት ይገባል?

መጀመሪያ ፍሬን ላይ። ዳገት መውጣት የማይችል መኪና ይቆማል፤ ኪሳራው የብር ነው። ቁልቁለት ላይ የማይቆም መኪና ግን ሰው ይገድላል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው የምለውን ያውቃል፤ ከ1000 ሜትር በላይ ነው የሚወረደው። በባሶ ሊበን ወደ ዓባይ በኩል ያሉት ቀበሌዎች ቁልቁለትም ያው የዚያ ወንድም ነው። መውቂያዋ የራሷ ፍሬን ከሌላት ቁልቁለት ላይ ሙሉ ክብደቷን መኪናው ላይ ትጥላለች። በብዙ አገር ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከ750 ኪሎ እንዳያልፍ የሚከለከለው በዚህ ነው። የኛ መውቂያዎች ብዙዎቹ ፍሬን የላቸውም፤ በላያቸው ላይ ደግሞ ልጆች እየጫንን እንሄዳለን! ኧረ ተው ጎበዝ! ፍሬን የሚሠራላችሁ ጋራዥ ፈልጉ። ማሰሪያው ላይ መጠባበቂያ ሰንሰለት፣ ከኋላ አንጸባራቂ ይኑር። ቁልቁለቱን በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን ብቻ እየረገጣችሁ ከወረዳችሁ ፍሬኑ ይግልና ድንገት ይጠፋል።

ሁለተኛ ናፍጣው ላይ። ዲ ፎር ዲ ገዝቶ ናፍጣ ከየጀሪካኑ የሚቀዳ ሰው ምርጥ ዘር ገዝቶ አረም ውስጥ የሚበትን ነው። ከማደያ ማግኘት አልሆን ብሎ በጀሪካን ከገዛችሁ አንድ ሌሊት ሙሉ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ውኃው ወደ ታች ይወርዳል። በንጹሕ ጨርቅ አጥልላችሁ ቅዱ፣ የመጨረሻውን አንድ ሁለት ሊትር ግን መኪናው ውስጥ አትጨምሩት። የነዳጅ ፊልትሮው ሥር ውኃ ማውጫ አለ፤ በውቂያ ወቅት በየሳምንቱ ከፍታችሁ አፍስሱት። ፊልትሮውን ከተባለው ኪሎ ሜትር በፊት ቀይሩ።

ሦስተኛ ዘይቱ ላይ። ቱርቦ የሚኖረው በዘይት ነው። በ5000 ኪሎ ሜትር ቀይሩ፤ «ገና ነው፣ አልጠቆረም» አይባልም። ዳገት ወጥታችሁ እንደደረሳችሁ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ ይሥራ። ከሥራ የመጣን በሬ ላቡ ሳይደርቅ ውኃ አታጠጡትም አይደል? እንዲያ ነው። መኪናውን በገዛችሁ ሳምንት ደግሞ የኖዝሉን መዳብ ቀለበቶች አስቀይሩ፣ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት አስፈትሹ፣ የሞተሩን ቺንጋ አስለውጡ። ሻጩ «አሁን ነው የቀየርነው» ቢልም አስለውጡ።

የነዚህን ሁሉ ወጪ ከመግዛታችሁ በፊት ከገንዘባችሁ ላይ ቀንሱ። የቀረው ለመኪናው የማይበቃ ከሆነ ገና ጊዜያችሁ አይደለም ማለት ነው። አንድ ዓመት በኪራይ መኪና መሥራት ውርደት አይደለም።

ስለ መቸኮል

ደላሎች የሚያስቸኩሉን ነገር አላቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን ውድ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተወሰነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ስለዚህ «ዛሬ ካልገዛህ ነገ እጥፍ ነው» ይሏችኋል። ዋጋው ሊጨምር ይችላል፤ ግን የተሳሳተ መኪና በርካሽ ገዝቶ ያተረፈ ሰው የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አጎቴ ግን ያፈሰሰውን እስከ ዛሬ ለቅሞ አልጨረሰም።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ያዙልኝ ብትሉኝ ይህን ያዙ፦ መኪናውን ባዶውን አትሞክሩት። ደላላው አስፋልት ላይ ሽው አድርጎ ይመልሳችኋል፤ ባዶውን የማይሮጥ መኪና የለም። መውቂያችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ካልሆነም የሚመጣጠን ክብደት ያለው ተሳቢ ተከራዩ። እሰሩት። ዳገት ውጡ። መሐል ላይ ቁሙና እንደገና ተነሡ። የሙቀት መለኪያውን እዩ፤ ጭሱን እዩ። ፍሪሲዮኑ ይሸት እንደሆን አሽትቱ። ከዚያ ቁልቁለቱን ውረዱ። ጠዋት ደግሞ ቀድማችሁ ሂዱና ሞተሩ ሳይሞቅ በብርዱ ሲነሣ ስሙት። ሻጩ «ይሄን ሁሉማ አልፈቅድም» ካለ መልሱን ነገራችሁ ማለት ነው፤ አመስግናችሁት ሂዱ።

እኔ ያኔ እንዲህ ብዬ መክሬ ቢሆን ኖሮ አጎቴ ዛሬ የራሱን በሬ ጠምዶ ባረሰ ነበር። የሱን ሁለት በሬ መመለስ አልችልም። የእናንተን ግን ከመሸጣችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱ፤ ጫንቃውን እዩ።

ጥያቄ ያለው በሥራ ሰዓት ወደ ጣቢያ ይምጣ። የሞተሩን ዓይነትና የመውቂያውን ክብደት በወረቀት ጽፎ ይምጣልኝ፤ አብረን እናሰላዋለን። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሳላይ ግን ለማንም «ይሄን ግዛ» አልልም። አንዴ ብያለሁ፣ ይበቃኛል።